ዘፈን ገዝቶ ለማውረድ፦ ባንድካምፕ ወይስ አይቲዩንስ?

ባንድካምፕ ሙዚቀኞችና አሳታሚዎች ዘፈን የሚሸጡበት ድረ ገጽ ነው፤ አይቲዩንስ ደግሞ የአፕል የሙዚቃ መደብር። ጥራት ላይ ባንድካምፕ ይቀድማል። አንዴ ከከፈልክ ፍላክም (ከድምፁ ምንም ሳይጥል የሚጨምቅ የፋይል ዓይነት) ኤምፒስሪም (ከድምፁ ጥቂት ጥሎ ፋይሉን የሚያሳንስ) የፈለግከውን ታወርዳለህ። አይቲዩንስ የሚሸጠው በሰከንድ 256 ኪሎቢት የሆነ ኤኤሲ ነው፤ እሱም እንደ ኤምፒስሪ ከድምፁ ጥቂት ይጥላል። እውነቱን ለመናገር በስልክ ማዳመጫ ልዩነቱን ጆሮዬ አይለየውም፤ ፍላክን የምወደው ከሱ ኤምፒስሪ ማውጣት ስለሚቻል ነው፣ ከኤምፒስሪ ወደ ፍላክ ብትቀይር ግን የጠፋው ድምፅ ላይመለስ ሄዷል።

ቦታ? 5 ደቂቃ ዘፈን በፍላክ 30 ሜጋባይት አካባቢ ይበላል፣ በኤኤሲ 10 ገደማ።

ዋጋውን ባንድካምፕ ላይ የሚተምነው ሙዚቀኛው ወይም አሳታሚው ነው፤ ደስ ካለህ ጨምረህ ትከፍላለህ። አይቲዩንስ አሜሪካ ውስጥ ብዙ ታዋቂ ዘፈኖችን በ1.29 ዶላር ይሸጣል።

የድሮ የኢትዮጵያ ጃዝ ለምትሰበስብ ባንድካምፕ ይሻልሃል። አንድ የታወቀ ፖፕ ዘፈን ብቻ አምሮህ አይፎን ከያዝክ አይቲዩንስ ይበቃል።