ሌጋሲ ወይስ ዩኢኤፍአይ?

ደሴ ፒያሳ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቶ ዊንዶውስ የሚጭን ሰው ፍላሹን ከመሰካቱ በፊት ባዮስ (ማሽኑ ሲነሳ የሚከፈተው የራሱ ቅንብር) ገብቶ አንድ ነገር መወሰን አለበት፦ ቡት ሞዱ፣ ማለትም ማሽኑ ዊንዶውስን የሚያስነሳበት መንገድ፣ የድሮው ሌጋሲ ይሁን ወይስ አዲሱ ዩኢኤፍአይ?

ሌጋሲ ለአሮጌ ማሽንና ዊንዶውስ 7ን አልለቅም ላለ ሰው ይሆናል። ዊንዶውስን የሚያስነሳው ኤምቢአር በሚባለው የድሮ አሠራር ከተከፋፈለ ዲስክ ነው፤ ኤምቢአር ደግሞ ከ2 ቴራባይት በላይ ያለውን ቦታ አይጠቀምም። ዩኢኤፍአይ አዲሱ የዲስክ አከፋፈል ከሆነው ከጂፒቲ ጋር ይሄዳል። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚጠይቀውም ዩኢኤፍአይን ነው፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባለው የደህንነት ቺፕ ተጨምሮበት። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ስለዚህ ማሽኑ ከቻለ እኔ ያለማመንታት ዩኢኤፍአይ እላለሁ።

ሰው የሚደናገጠው ግን ሲጭን «ይህ ዲስክ የጂፒቲ ነው፣ እዚህ ላይ አይጫንም» የሚል መልእክት ሲመጣበት ነው። ዲስኩ ደህና ነው፤ ፍላሹ በሌጋሲ ተነስቶ ነው። ክፍልፋዮቹን ከማጥፋትህ በፊት ባዮሱን ወደ ዩኢኤፍአይ መልሰህ እንደገና አስነሳ፤ ዲ ላይ ያለው ፎቶ ሁሉ ይተርፋል።

ድራይቨር (ዊንዶውስ እንደ ዋይፋይ ያሉ የማሽኑን ክፍሎች የሚያሠራበት ፕሮግራም) ላይ ብዙ ክርክር የለም፦ ከአምራቹ ድረ ገጽ በሞዴሉ የወረደው ከየትም ከተገኘ ድራይቨር ፓክ ይሻላል። የዋይፋዩን ብቻ ቀድመህ በፍላሽ ያዝ፤ ያለ እሱ ሌላውን በምን ታወርዳለህ?