«ጣዪው» የተባልኩት ላፕቶፕ ዛሬም ይሠራል

ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ አጠገብ የጽሕፈትና የኮፒ ሥራ አለኝ። የምጽፍበት ላፕቶፕ አምስተኛ ትውልድ ኮር አይ 5 ነው፤ አሥር ዓመት አልፎታል። ሰሞኑን ለመከፈት ብቻ ስድስት ሰባት ደቂቃ ይፈጅ ጀመር። ፋኑ ይጮሃል፣ ተማሪ ቆሞ ይጠብቀኛል፣ እኔ እጨነቃለሁ።

መጀመሪያ የወሰድኩበት ሱቅ ከፍቶ እንኳን አላየውም። «ይሄ አርጅቷል፣ ጣዪውና አዲስ ግዢ» ተባልኩ። የተጠራልኝ ዋጋ ከ50 ሺህ ብር በላይ ነው። ከዋጋው ይልቅ ያ «ጣዪው» የሚለው ቃል አንገበገበኝ። የት ነው የሚጣለው?

ጎረቤቴ ናት አቶቴ ሰፈር ያለውን የኮምፒውተር ጠጋኝ ያሳየችኝ። ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ያለ፣ ሁለት ሰው ከተቀመጠበት ሦስተኛው የሚቆምበት ጠባብ ክፍል ነው። ልጁ «እህቴ፣ ቁጭ በይ፣ አብረን እንየው» ብሎ ፊቴ ፈታው።

ፋኑን ሲያነሳው አፉ ላይ አቧራው ተጋግሮ ግራጫ ብርድ ልብስ መስሏል። በወረንጦ ሲስበው ሳይበጠስ እንዳለ ወጣ። ፕሮሰሰሩ ላይ ያለው ቴርማል ፔስት (ሙቀቱን ወደ ማቀዝቀዣው የሚያሻግረው ቅባት) ደግሞ ደርቆ እንደ አሮጌ ኖራ ይፈረፈራል። ሙቀት መውጫ ሲያጣ ማሽኑ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን እንደሚቀንስ አስረዳኝ። ጠረገው፣ አዲስ ፔስት ቀባው፣ ሃርድ ዲስኩን ከእሱ በጣም በሚፈጥን ማከማቻ፣ በ256 ጊጋ ኤስኤስዲ ቀየረው። ራምም ጨምርልኝ ስለው «8 ጊጋ ለአንቺ ሥራ ይበቃል፣ ገንዘብሽን አታባክኚ» አለኝ። እዚህ ላይ ነው ሙሉ በሙሉ ያመንኩት። አሮጌውን ሃርድ ዲስክ እንኳን ኬዝ ውስጥ ከቶ ለፋይል ማስቀመጫ መለሰልኝ። ሁሉም በ5,800 ብር አለቀ። አሁን እስከ ሃያ ሳልቆጥር ይከፈታል።

ዊንዶውስ 10 ጥቅምት 4 ቀን 2018 መደበኛ ድጋፉ አብቅቷል፤ የእኔ ማሽን ደግሞ የዊንዶውስ 11ን መስፈርት አያሟላም። ብዙ ደህና ኮምፒውተር የሚጣለው በዚህ ሰበብ ነው። ልጁ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን ነጻ ሥርዓት ሊጭንልኝ ነበር፤ እኔ ግን ለዊንዶውስ በተሠራው የአማርኛ መጻፊያ በፓወር ግዕዝ የተጻፈ የስንት ዓመት ፋይል ስላለብኝ አልቻልኩም። ስለዚህ እስከ ጥቅምት 2019 የሚያቆየውን ተጨማሪ የደህንነት ማሻሻያ አስመዘገበልኝ። ሚንቱን ለልጄ አሮጌ ላፕቶፕ ጫነላት፤ የቤት ሥራዋን ሊብሬ ኦፊስ በሚባል ነጻ የጽሕፈት ፕሮግራም እየሠራችበት ነው።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ስለ ብር ብቻ አይደለም። አንድ ላፕቶፕ በዕድሜው ከሚያስከትለው የካርቦን ልቀት አብዛኛው የሚወጣው ገና ሲመረት ነው። እኛ ጋ ደግሞ መብራቱ በአብዛኛው ከውሃ ኃይል ስለሚመጣ፣ ስንጠቀምበት የሚጨምረው ትንሽ ነው። ስለዚህ ያለውን ሁለት ሦስት ዓመት ማቆየት ማታ ማታ ከማጥፋት እጅግ ይበልጣል። በ2022 እ.ኤ.አ. በዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ወጥቷል፤ በአግባቡ ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው ሩቡን እንኳን አይሞላም። የእኛ የሀዋሳ ሐይቅ ደግሞ ወደ ውጭ የሚፈስበት ወንዝ የለውም። ክረምት ጎርፍ ከየሰፈሩ ጠርጎ ያስገባው እዚያው ይቀራል። ከዚያ ሐይቅ የወጣ ዓሣ ለልጆቼ አበላለሁ።

ልጁ የሞቱ ባትሪዎችን ጫፋቸውን በፕላስተር ሸፍኖ በባልዲ ያጠራቅማል። ለቆራሌው አይሰጥም፤ ሲሞላ አዲስ አበባ ለሚረከቡ ሰዎች ይልካል። የእኔንም እዚያው ተውኩለት።

ቅሬታዬ ቀጠሮው ላይ ነው። ሁለት ቀን ተብዬ አምስት ቀን ጠበቅሁ፤ ስልክም ቶሎ አያነሳም። በዚያ ሳምንት የመመረቂያ ጽሑፍ የያዙ ሦስት ተማሪዎች ወደ ሌላ ቤት ሄደውብኛል። ደረሰኝም ካልጠየቃችሁ አይሰጥም። ለኤስኤስዲው የስድስት ወር ዋስትና በእጁ ጽፎልኛል።

የምትሄዱ ከሆነ ጠዋት ሂዱ፤ ከሰዓት ወረፋ አለ። ፋይላችሁን አስቀድማችሁ ፍላሽ ላይ ገልብጡ፣ ቻርጀራችሁንም ያዙ።