ላስ ቬጋስ ወይስ ፓልም ስፕሪንግስ? በበረሃ ቤት ለሚገዛ ሰው

ካሊፎርኒያ ውስጥ ቤት መግዛት ያቃተው አበሻ አንድ ቀን ካርታ መዘርጋቱ አይቀርም። ዓይኑ ወደ በረሃው ይሄዳል። አንዱ ላስ ቬጋስ ይላል። ሌላው ፓልም ስፕሪንግስንና ኢንዲዮን የያዘውን የኮቼላ ሸለቆ ይመርጣል። ሁለቱም ጋ ፀሐይ አለ፣ መዋኛ ገንዳ አለ፣ ቤቱም ከሎስ አንጀለስ ይረክሳል። ሁለቱም ደግሞ ከ2006 በኋላ የቤት ዋጋ ሲናድ ክፉኛ ተመትተዋል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ብዙ ሰው የሚያወዳድረው ስኩዌር ፊቱንና የወር ክፍያውን ነው። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ሌላ ነው። የዚያን ቤት ዋጋ ተሸክሞ የያዘው የማን ገቢ ነው? ቬጋስ ላይ በአብዛኛው እዚያው የሚሠራ ሰው ደመወዝና ቲፕ ነው። ፓልም ስፕሪንግስ አካባቢ ግን ሌላ ቦታ የተሠራ ገንዘብ ይበዛል፤ የጡረተኛ፣ የሎስ አንጀለስ ሀብታም፣ ብርድ የሸሸ ካናዳዊ። ደህና ጊዜ ላይ ልዩነቱ አይታይም።

ያ ክፉ ጊዜ እንዴት ነበር?

የቬጋስን በቁጥር እንየው። በጁን 2006 የአንድ ቤት መሃለኛ ዋጋ 315,000 ዶላር ደርሶ ነበር። በጃንዋሪ 2012 ያው 118,000 ሆነ። ወደ ቀድሞው ለመመለስ እስከ 2020 ጠበቀ። 14 ዓመት ማለት ነው። በ2006 የተወለደ ልጅ ሃይስኩል ሊገባ ደርሷል! በ2025 መጀመሪያ ላይ መሃለኛው ዋጋ 485,000 አካባቢ ነበር።

ለምን ይህን ያህል ወረደ? ብድሩ አንዱ ምክንያት ነው። ገቢህን በወረቀት ሳታሳይ ይሰጥህ ነበር። ወለዱ ለሁለትና ሦስት ዓመት ዝቅ ይልና ከዚያ ይፈነዳል። ሌላው ምክንያት ግን የከተማዋ አሠራር ነው። ቤት የሚሠራው ሰው ራሱ ቤት ገዢ ነበር። ግንባታው ሲቆም ሥራውም ገዢውም አብረው ጠፉ። ስትሪፑ (ካሲኖዎቹ የተደረደሩበት ትልቁ መንገድ) ላይ ኤሸሎን የተባለው ትልቅ የሆቴልና የካሲኖ ፕሮጀክት በኦገስት 2008 ቆመ። ፎንቴንብሎ ደግሞ በ2009 ቆመና ግዙፉ ሕንፃ ሰው ሳይገባበት ዓመታት ተገትሮ ኖረ። የተከፈተው በዲሴምበር 2023 ነው። የኤሸሎን ቦታ በ2021 ሪዞርትስ ወርልድ ሆነ።

የጎብኚው ቁጥር ከ39.2 ሚሊዮን (2007) ወደ 36.4 ሚሊዮን (2009) ነው የወረደው። ያን ያህል አያስደነግጥም። ግን የመጣው ሰው ኪሱን አጥብቆ ያዘ። በ2010 የኔቫዳ ሥራ አጥነት ወደ 14 በመቶ ተጠጋ። አሁን አንድ የእኛ ሰው ቤተሰብ አስቡ። እሱ ታክሲ ይነዳል፤ እሷ ካሲኖ ውስጥ ትሠራለች። ሁለት ደመወዝ ይመስላል። ግን ሁለቱም ከአንድ መንገድ ነው የሚመጡት። ስትሪፑ ሲቀዘቅዝ ሁለቱም በአንድ ወር ይጎድላሉ። ቤቱን ሸጠን እንውጣ ሲሉ ደግሞ ዕዳው ከቤቱ ዋጋ በልጧል። ኔቫዳ ውስጥ ያኔ ሞርጌጅ (የቤት ብድር) ካለባቸው ሰዎች ከግማሽ በላይ እንዲህ ነበሩ። ለዓመታትም በፎርክሎዠር (ባንክ ዕዳ ያልተከፈለበትን ቤት ሲወስድ) ከቤቶቿ ቁጥር አንጻር ከአሜሪካ አንደኛ ነበረች።

እዚህ ላይ ግን 2020ን ማስታወስ ያስፈልጋል። በኤፕሪል የቬጋስ ሥራ አጥነት ከ30 በመቶ በላይ ወጣ። ከ2010 ሁለት እጥፍ በላይ ነው። ዋጋው ግን አልተናደም፤ እንዲያውም ጨመረ። ብድሩ ደህና ሰነድ ያለው ነበር፤ መንግሥት ክፍያ እንዲዘገይ ፈቀደ፤ ወለድ ወረደ፤ ከካሊፎርኒያም ሰው ጎረፈ። ስለዚህ የቬጋስ ነገር ሁሌ በ2008 መልክ ይመጣል ብዬ አልፈራም። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው፣ በዚያ ጊዜ የተቃጠሉ ሰዎች ዛሬም ቬጋስ ሲባል ይሸሻሉ። እኔ የምፈራው ያን ሁሉ ሳያዩ በሙሉ አቅማቸው ተበድረው የሚገቡትን ነው።

ወደ ኮቼላ ሸለቆ ስንመጣ፣ "ሸለቆው" ብሎ አንድ ገበያ የለም። 9 ከተሞች አሉ። ኢንዲያን ዌልስና ራንቾ ሚራጅ የባለጠጋ ሠፈር ናቸው። ብዙው ገዢ ሁለተኛ ቤቱ ነው፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ሳይሸጥ ዘግቶት ይቆያል። ኢንዲዮ፣ ኮቼላ ከተማና ዴዘርት ሆት ስፕሪንግስ ግን ሠራተኛው የሚኖርባቸው ናቸው። የያኔው መዓት የወረደው እዚያ ነው። ዴዘርት ሆት ስፕሪንግስ በ2001 መክሰሯን ለፍርድ ቤት አስመዝግባ ነበር። በ2013 ደግሞ የገንዘብ አስቸኳይ ጊዜ አወጀች። ቤቱ ዛሬም ከሸለቆው ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት ነው። ርካሽነቱ ያለ ምክንያት አይደለም።

ሥራ የት ይገኛል?

እዚህ ላይ ብዙም አላመነታም። ቬጋስ። የሆቴልና የካሲኖ ሠራተኞች ማኅበር የሆነው ኩሊነሪ ዩኒየን ወደ 60,000 አባላት አሉት፤ ኢንሹራንሱም ጥሩ ነው። በ2017 ሆኪ ቡድን መጣ፣ በ2020 ሬደርስ የተባለው የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ገባ፣ በ2023 ስፊር የተባለው የትርዒት አዳራሽና የፎርሙላ ዋን የመኪና ውድድር፣ በ2024 ሱፐር ቦውል። ክላርክ ካውንቲ በ2023 ሊትል ኢትዮጵያ ብሎ የሰየመው አካባቢም አለ። እንጀራ ፍለጋ ሁለት ሰዓት አትነዱም። ለአዲስ ገቢ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ሥራም የሚገኘው በሰው በሰው ነው።

ግን ከተማዋ አሁንም የምትበላው ከአንድ ትሪ ነው። በጁን 2025 የጎብኚው ቁጥር ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር በ11 በመቶ ገደማ ቀነሰ። የካናዳ ሰው በተለይ ቀረ። ይህን ሰምቶ ቤት መግዛቱን የሚተው ሰው አለ። እኔ ምክሬ ሌላ ነው፦ ከባልና ሚስት አንዱ ከስትሪፑ ውጭ ይሥራ። ሆስፒታል፣ ትምህርት ቤት፣ መጋዘን፣ የትም ይሁን።

ለቲፕ ሠራተኞች አንድ ነገር ላንሳ። ባንክ የሚቆጥርልህ ያሳወቅከውን ቲፕ ብቻ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም የሁለት ዓመት ታክስ ያያል። ከ2025 እስከ 2028 በፌዴራል ታክስ ላይ እስከ 25,000 ዶላር ቲፕ የሚቀነስበት ሕግ ወጥቷል። አሁንማ የሚደብቁበት ምክንያት አነሰ።

የኮቼላ ሸለቆ ሥራ ወቅት ጠባቂ ነው። ከኖቬምበር እስከ ኤፕሪል ሆቴሉ፣ ጎልፉ፣ ምግብ ቤቱ ሰው ይፈልጋል። ማርች ላይ ኢንዲያን ዌልስ ትልቁ ቴኒስ አለ። ኤፕሪል ላይ ኢንዲዮ ውስጥ የሙዚቃ ፌስቲቫሎቹ። ከዚያ ሰመር ይገባና ሺፍት ይቆረጣል። ሞርጌጁ ግን ሰመር አያውቅም። በ2022 መጨረሻ የተከፈተው የስፖርትና የኮንሰርት አዳራሽ፣ አክሪሹር አሬና፣ ጥቂት ረድቷል፤ ወቅቱን ግን አልቀየረውም። ነርስ ከሆናችሁ ነገሩ ይለያል። ጡረተኛ የበዛበት አገር ነርስ ሥራ አታጣም።

ሊዝ የተባለው ነገር

ፓልም ስፕሪንግስ ላይ በደንብ እንድታነቡት የምፈልገው ይህን ነው። ቤት በኢንተርኔት ስታዩ አንዱ ከጎረቤቱ በጣም ረክሶ ታገኙታላችሁ። ወጥ ቤቱ ታድሷል፣ ገንዳ አለው፣ ተራራ ይታያል። ምን ጎደለው? መሬቱ።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአሜሪካ መንግሥት በዚያ አካባቢ መሬቱን እንደ ዳማ ሰሌዳ ከፋፈለው። አንዱን ካሬ ማይል ለባቡር ኩባንያው፣ ቀጣዩን ለአገሬው የአግዋ ካሊየንቴ ካዊያ ሕዝብ። ዛሬም ከተማዋ እንደዚያው ናት። መንገድ ስትሻገር የመሬቱ ባለቤት ይቀየራል። በነገዱ ወይም በአባላቱ መሬት ላይ ያለ ቤት ስትገዙ የምትገዙት ግንቡን ነው፤ መሬቱን ትከራያላችሁ።

ለእኛ ሰው ሊዝ አዲስ ቃል አይደለም። አዲስ አበባ ላይ የመኖሪያ ቤት ሊዝ 99 ዓመት ነው፤ እዚያ የለመደ ሰው ብዙም አይደነግጥም። እዚህ ግን አዲስ ሊዝ አትፈርሙም። ሌላ ሰው ከብዙ ዓመት በፊት ከጀመረው ላይ የተረፈውን ነው የምትረከቡት። ሦስት ነገር ጠይቁ። ስንት ዓመት ቀረው? ኪራዩ ስንት ነው? መቼ ይከለሳል? ባንኮች ሊዙ ከብድሩ ዘመን አልፎ እንዲሄድ ይፈልጋሉ። የቀረው ዓመት ካነሰ ለእናንተ ብድር ቢገኝም ነገ ከእናንተ ለሚገዛው አይገኝም። የረጅም ጊዜ ሊዝ ያለው ቤት ግን መጥፎ አይደለም። እዚያ እስከ መጨረሻው ለሚኖር ጡረተኛ እንዲያውም ጥሩ ዋጋ ነው።

ታክስና ሌላው ወጪ

ኔቫዳ የስቴት ኢንካም ታክስ የላትም። ይህን ሁሉም ያውቃል። ብዙዎች የማያውቁት፣ የምትኖሩበት ቤት ከሆነ የፕሮፐርቲ ታክሱ በዓመት ከ3 በመቶ በላይ እንዳይጨምር ጣሪያ አለው። ግን የምንኖርበት ነው ብላችሁ ማሳወቅ አለባችሁ። ፎርሙን ማስታወቂያ መስሏችሁ ከጣላችሁት ጭማሪው እስከ 8 በመቶ ሊሄድ ይችላል።

ካሊፎርኒያ ላይ ታክሱ የሚነሳው ከገዛችሁበት ዋጋ 1 በመቶ ገደማ ነው፤ የሚታሰብበት ዋጋም በዓመት ከ2 በመቶ በላይ አያድግም። ስለዚህ የሻጩን ታክስ አይታችሁ አትደሰቱ። እሱ ከ30 ዓመት በፊት ገዝቶ ይሆናል። አዲስ ሠፈር ከሆነ ደግሞ ሜሎ ሩስ የሚባል ተጨማሪ ክፍያ እንዳለ ጠይቁ።

ኤችኦኤ (ለሠፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር የሚከፈለው መዋጮ) ሁለቱም ጋ አለ። ኔቫዳ ላይ ግን አይቀለድበትም። የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2014 ባሳለፈው ውሳኔ መሠረት፣ ያልተከፈለ የኤችኦኤ ዕዳ ቤቱን አሽጦ የባንኩን ሞርጌጅ እንኳ ሊያጠፋ ይችላል።

ኤርቢኤንቢ አከራይቼ እከፍለዋለሁ የሚል ሰው ሒሳቡን ይሰርዝ። ፓልም ስፕሪንግስ በ2022 በየሠፈሩ 20 በመቶ ጣሪያ አበጀች፤ አዲስ ፈቃድ ያወጣ ሰውም በዓመት ከ26 ውል በላይ አይፈቀድለትም። ካቴድራል ሲቲ ከጥቂት በስተቀር ከልክላዋለች። ክላርክ ካውንቲም ጥብቅ ነው።

ካሊፎርኒያ ላይ የመሬት መንቀጥቀጥም አለ። ሳን አንድሪያስ የሚባለው ስንጥቅ በሸለቆው ውስጥ ያልፋል። የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ ይህን አይሸፍንም፤ ለብቻው ይገዛል።

ስለ ውኃ ብዙ ይወራል። ቬጋስ ውኃዋን 90 በመቶ የምታገኘው ከኮሎራዶ ወንዝ ነው። የወንዙ ውኃ የሚጠራቀምበት ሌክ ሚድ በ2022 ሲጎድል ዓለም ሁሉ አየው። ግን ከተማዋ ከቤት ውስጥ የሚወጣውን ውኃ አጣርታ ትመልሰዋለች። ከግል ቤት ግቢ ውጭ ያለ፣ ጌጥ ብቻ የሆነ ሣርም ከ2026 መጨረሻ በኋላ በወንዙ ውኃ አይጠጣም። ሸለቆው የከርሰ ምድር ውኃ አለው፤ ይልቅ ወደ ምሥራቁ ጫፍ ስትሄዱ እየደረቀ ያለው የሶልተን ሲ ሐይቅ አቧራ ያሳስበኛል። አስም ያለበት ልጅ ካላችሁ ከኢንዲዮ ወዲያ አትሂዱ።

እኔ ብሆን

ሁለት ልጅ ያላቸው፣ ሁለቱም የሚሠሩ ባልና ሚስት ቢጠይቁኝ ቬጋስ እላለሁ። ባንኩ ከፈቀደላቸው ያነሰ ቤት ገዝተው፣ የስድስት ወር ክፍያ በባንክ አስቀምጠው። ጡረታ የወጣ፣ ወይም ሎስ አንጀለስ ልጅ ያለውና ገንዘቡ እጁ ላይ ያለ ሰው ከሆነ ፓልም ዴዘርት ወይም ላ ኪንታ፣ የመሬት ሊዝ የሌለበት። ሎስ አንጀለስ ሁለት ሰዓት ተኩል አይሞላም። ከቬጋስ ግን ከአራት ሰዓት በላይ ነው።

የትኛውንም ብትመርጡ ቤቱን በፌብሩዋሪ አትዩት። በፌብሩዋሪ በረሃ ሁሉ ገነት ነው። በጁላይ 2024 ፓልም ስፕሪንግስ 51፣ ቬጋስ ወደ 49 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሰዋል፤ ሁለቱም በታሪካቸው ከፍተኛው ነው። ኦገስት ላይ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ሂዱ። ኤሲው ስንት ዓመቱ እንደሆነ ጠይቁ፤ የሻጩን የሰመር የመብራት ቢል አሳዩን በሉ። ከዚያ መኪና አቁማችሁ ሠፈሩን በእግር ዙሩ፤ ስንቱ ቤት ውስጥ ሰው እንዳለ፣ ስንቱ መጋረጃው ተዘግቶ ኖቬምበርን እንደሚጠብቅ ቁጠሩ።