ተንደርበርድ ከኢተርናል ሴፕቴምበር ጋር፦ ለወራት ኒውስግሩፕ ካነበብኩበት በኋላ

ጉግል ግሩፕስ እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 22 ቀን 2024 ጀምሮ የዩዝኔትን፣ ማለትም ኒውስግሩፕ የተባሉትን በየርዕሱ የተከፋፈሉ የውይይት ቡድኖች የያዘውን የቆየ የኢንተርኔት ሥርዓት፣ አዲስ መልእክት መቀበልና ማሳየት በማቆሙ፣ ኒውስግሩፕን በድረ ገጽ ብቻ ሲከታተል የኖረ ሰው ሁሉ ሌላ መግቢያ መፈለግ ግድ ሆኖበታል። እኔ የአማርኛ መጻሕፍትን ገጽ ላቴክ በተባለው የጽሑፍ ማቀናበሪያ የማዘጋጅ በመሆኔ፣ ስለዚህ ሥራ የሚወያየውን ኮምፕ.ቴክስት.ቴክ የተባለውን ቡድን ልተወው አልቻልኩም። በመጨረሻ የመረጥኩት መንገድ ኢተርናል ሴፕቴምበር የተባለውን ነፃ ሰርቨር ተንደርበርድ በተባለው፣ ኢሜይልም ኒውስግሩፕም በሚያነብ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ማንበብ ነው። ለወራት ያለማቋረጥ ስለተጠቀምኩበት፣ ጥንካሬውንም ጉድለቱንም በዝርዝር ለመጻፍ በቂ ልምድ አለኝ ብዬ አምናለሁ።

ምርጫው የሚጀምረው ከፕሮግራሙ ሳይሆን ከሰርቨሩ መሆኑን አስቀድሜ ላሳስብ። ዩዝኔት እ.ኤ.አ. በ1979 የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የነበሩት ቶም ትራስኮትና ጂም ኤሊስ ካሰቡት ጊዜ አንሥቶ ባለቤት የሌለው ሥርዓት ነው፤ አንድ ሰው የጻፈው መልእክት በመጀመሪያ እርሱ ወደሚጠቀምበት ሰርቨር ይገባል፣ ከዚያም ሰርቨሮቹ እርስ በርስ እየተቀባበሉ ያዳርሱታል። ስለዚህ በየትኛውም ሰርቨር ቢገቡ የሚያገኙት ውይይት በመሠረቱ ያው ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ ሰርቨር ለመልእክቶቹ የራሱን ተራ ቁጥር ይሰጣል፤ የንባብ ፕሮግራሙም የተነበበውንና ያልተነበበውን የሚለየው በዚሁ ቁጥር ነው። ሰርቨር የቀየረ ሰው የትኛውን መልእክት እንዳነበበ የሚያሳየው መዝገብ በሙሉ ዋጋ ያጣበታል። ፕሮግራምን መለወጥ ያን ያህል አያስቸግርም፤ በየጊዜው ሰርቨር መለዋወጥ ግን ያሰለቻል።

ከሰርቨሮቹ መካከል በወር ክፍያ የሚሠሩት አብዛኞቹ ትልልቅ ፋይል ለሚያወርዱ ሰዎች የተዘጋጁ ናቸው፤ ጽሑፍ ብቻ ለሚያነብ ሰው በየወሩ ለዚያ መክፈል አስፈላጊ ሆኖ አላገኘሁትም። በበርሊን ነፃ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው ኢንዲቪጅዋል.ኔት በጽሑፍ ቡድኖች ላይ ያተኮረና መልካም ስም ያለው ነው፤ ለዓመታት ሲያስከፍል የቆየውም በዓመት 10 ዩሮ ብቻ ነው። ሆኖም አዲስ አበባ ተቀምጦ በውጭ ምንዛሪ መክፈል ለሁሉም ሰው የሚቻል ባለመሆኑ፣ 10 ዩሮም ብትሆን በር ልትዘጋ ትችላለች። ኢተርናል ሴፕቴምበር ግን ክፍያ አይጠይቅም፤ በኢሜይል መመዝገብ ይበቃል። ትልልቅ ፋይል የሚለጠፍባቸውን ቡድኖች ስለማያስተናግድ የሚቀርበው ጽሑፍ ብቻ ነው፣ እኔ የምፈልገውም ይህንኑ ነበር።

አካውንቱን በተንደርበርድ ላይ ማቋቋም ቀላል ቢሆንም ሁለት ቦታ ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የመጀመሪያው የግንኙነት ጥበቃ ነው፦ ኤስኤስኤል/ቲኤልኤስ የሚለው ሲመረጥ የፖርት ቁጥሩ ከ119 ወደ 563 ይለወጣል፣ የይለፍ ቃልም ሳይመሰጠር አይሄድም። ሁለተኛው ፕሮግራሙ ከሰርቨሩ ጋር በተገናኘ ቁጥር ማንነትን እንዲያረጋግጥ የሚያዝዘው ሳጥን ነው፤ በዚህ ላይ ምልክት ካልተደረገ ፕሮግራሙ ስምና የይለፍ ቃል ሳያቀርብ ሊገናኝ፣ የቡድኖቹም ዝርዝር ጎድሎ ሊመጣ ይችላል። ሙሉው ዝርዝር እጅግ ረጅም ስለሆነ የመጀመሪያው ቀን ማውረድ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ከዚያ በኋላ ግን በፍለጋው ሳጥን ውስጥ ጥቂት ፊደላት ጽፎ የሚፈለገውን ቡድን ማግኘትና መመዝገብ የአፍታ ሥራ ነው።

ይህን መንገድ ከሁሉም አብልጬ የምወድደው ኢንተርኔት በሌለበት ሰዓት ስለሚያገለግለኝ ነው። ተንደርበርድ የመረጥኳቸውን ቡድኖች መልእክት ሙሉ በሙሉ አውርዶ በኮምፒዩተሬ ላይ ያስቀምጥልኛል። ጠዋት መስመሩ ደኅና ሲሆን አወርዳለሁ፤ ቀን ኔትወርክ ሲጠፋ ወይም መብራት ሄዶ ላፕቶፑ በባትሪ ሲሠራ አነባለሁ፣ መልስም እጽፋለሁ፤ መስመሩ ሲመለስ የጻፍኩት ይላካል። ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ የሚበላው ዳታ ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ በምስልና በማስታወቂያ የተሞላ አንድ ድረ ገጽ መክፈት ከብዙ መልእክቶች የበለጠ ዳታ ይወስዳል። በየሜጋባይቱ ለሚከፍል ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ንባቡ ራሱም ምቹ ነው። ውይይቶቹ ጥያቄው ከላይ፣ መልሶቹ በየደረጃው ከሥሩ ሆነው በዛፍ መልክ ይደረደራሉ። የኤን ቁልፍ ሲጫን ወደ ቀጣዩ ያልተነበበ መልእክት ይሻገራል፤ የኬ ቁልፍ ደግሞ መላውን ውይይት ከነወደፊት መልሶቹ ከዓይን ያርቃል። ሁለት ሰዎች ከዋናው ጉዳይ ወጥተው መነታረክ ሲጀምሩ ኬን ተጭኖ ማለፍ ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆጥብ በየቀኑ አያለሁ። መልስ ሲሰጥ ግን አዝራሮቹን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል፦ አንደኛው መልሱን ለቡድኑ ሲልክ፣ ሌላኛው ለጸሐፊው ብቻ በኢሜይል ይልከዋል።

የአማርኛ ጽሑፍን በተመለከተም ረክቻለሁ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ለሁሉም ቋንቋዎች ፊደላት የኮምፒዩተር መለያ ቁጥር በሚሰጠው ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት የነበሩ ጸሐፊዎች አማርኛን በላቲን ፊደል፣ አንዳንዶቹም ሴራ በተባለው ሥርዓት እየጻፉ ይልኩ ነበር። ዛሬ በተንደርበርድ በዩቲኤፍ-8 (በዩኒኮድ አጻጻፍ) የምልከው ፊደል ሳይበላሽ ይደርሳል። አንድ ሰው የ«ጿ» ቅርጽ በገጹ ላይ ለምን ባዶ ሳጥን ሆኖ እንደሚወጣ ሲጠይቅ፣ ፊደሉን ራሱን በመልእክቱ ውስጥ አስገብቶ ማሳየት መቻሉ መልሱን ያፋጥነዋል፤ ችግሩ የቅርጸ ፊደሉ ይሁን የፕሮግራሙ ወዲያው ይለያልና።

የማጭበርበሪያና የማስታወቂያ መልእክት ጉዳይ ብዙዎችን እንደሚያሳስብ አውቃለሁ። ከዚህ ዓይነቱ ጎርፍ ትልቁ ድርሻ ይገባ የነበረው በጉግል ግሩፕስ በኩል ስለነበር፣ ያ በር ከተዘጋ ወዲህ የምከታተላቸው ቡድኖች በግልጽ ጸድተዋል። የራስን አድራሻ መጠበቅ ግን የተጠቃሚው ኃላፊነት ነው። በመልእክቱ ራስጌ ላይ የሚጻፈው ኢሜይል ለመላው ዓለም የሚታይ በመሆኑ፣ እኔ መጨረሻው «.ኢንቫሊድ» የሆነ፣ ማንም ሊጽፍበት የማይችል አድራሻ እጠቀማለሁ። አንድ ጊዜ የወጣ መልእክትም ተመልሶ አይሰበሰብም፤ የስረዛ ትእዛዝ ቢላክም ብዙዎቹ ሰርቨሮች አይቀበሉትም።

ጉድለቶቹን ሳልሸሽግ ልናገር። ዋነኛው የስልክ ጉዳይ ነው፦ ለአንድሮይድ የወጣው ተንደርበርድ ኒውስግሩፕን አያነብም፤ አብዛኛው ሰው በስልክ በሚኖርበት አገር ይህ ከባድ እጦት ነው። ሌላው፣ የተነበበው መዝገብ የሚቀመጠው በራሴ ኮምፒዩተር ላይ ብቻ ስለሆነ፣ በቢሮው ኮምፒዩተር ስከፍት ትናንት ቤት ያነበብኩት ሁሉ እንደ አዲስ ይቀርብልኛል። ይህ ከሥርዓቱ አሠራር የመጣ እንጂ የፕሮግራሙ ጥፋት አይደለም። መልእክትን በጸሐፊውና በርዕሱ እየመዘኑ ነጥብ የመስጠት ችሎታም የለውም፤ ያሉት ማጣሪያዎች ለጥቂት ቡድን ይበቃሉ፣ ብዙ ቡድን ለሚከታተል ግን ይጠብባሉ።

እንዲህ ላለው አንባቢ ነጥብ መስጠት የሚችለውን ፓን የተባለውን የንባብ ፕሮግራም፣ በተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ ብቻ በሚሰጥበት መስኮት) መሥራት ለሚወድ ደግሞ ኤስኤልአርኤን የተባለውን ልጠቁም እወዳለሁ። ያንኑ ሰርቨር በሁለቱም መጠቀም ይቻላል። የድሮ ውይይት ፍለጋ ላይ ላለ ሰው ግን ሦስቱም አይጠቅሙትም፤ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ያሉ መልእክቶችን የያዘው የጉግል ግሩፕስ ማኅደር ለአዲስ መልእክት ቢዘጋም ለፍለጋ ክፍት ስለሆነ፣ እኔም ስለ ቆየ የላቴክ ችግር ሳጣራ መጀመሪያ እዚያ ፈልጌ፣ መልስ ካጣሁ ጥያቄዬን በተንደርበርድ እልካለሁ።