ቭሪንዳቫን የገዛሁት የጃፓ መቁጠሪያ፦ ከእንጨቱ ከረጢቱ ይሻላል

ህንድ ያላችሁ አበሾች ስለዚህ የጃፓ (የአምላክን ስም እየደጋገሙ የመጥራት ጸሎት) መቁጠሪያ እየደጋገማችሁ ስለምትጠይቁኝ አንዴ ጽፌ ልገላገል። የገዛሁት ቭሪንዳቫን ሎይ ባዛር ውስጥ ካሉት ሱቆች አንዱ ጋ ነው። ክሪሽና የሚባለው የሂንዱዎች አምላክ ልጅነቱን ያሳለፈበት ነው የሚባል ከተማ ስለሆነ ሰላምታቸው ራሱ «ራዴ ራዴ» ነው (ራዳ የክሪሽና ፍቅረኛ ናት)፣ ሪክሾ ነጂው እንኳን መንገድ ልቀቁ ለማለት ራዴ ራዴ እያለ ነው የሚያልፋችሁ። መነጽር ያላችሁ ደግሞ ኪሳችሁ ክተቱት፣ እዛ ያሉት ዝንጀሮዎች መንጥቀው ጣሪያ ላይ ይወጡና ምግብ ካልሰጣችኋቸው አይመልሱም።

አስቀድሜ ልናገር፣ የገዛሁት ሃይማኖት ልቀይር ብዬ አይደለም። ዶርም አብሮኝ የሚኖረው ልጅ ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ እጁን ከረጢት ውስጥ ከትቶ ሲያነበንብ እያየሁ ምን እንደሚያደርግ ማወቅ ፈልጌ ነው፣ እሱም ደስ ብሎት አስረዳኝ፣ ሱቅም አብሮኝ ሊመጣ ነበር ፈተና ያዘው እንጂ።

ወደ እቃው። ማላ ይሉታል፣ 108 ፍሬ አለው፣ በላዩ ደግሞ ከሁሉም ተለቅ ያለ አንድ ፍሬ አለ፣ እሱ አይቆጠርም። ከትልልቆቹ ጀምራችሁ ወደ ትንንሾቹ ትሄዳላችሁ፣ በየፍሬው ሙሉውን ማንትራ (እየተደጋገመ የሚባለውን የጸሎት ቃል) አንዴ ትላላችሁ፣ ትልቁ ጋ ስትደርሱ እሱን መሻገር ክልክል ስለሆነ ማላውን አዙራችሁ በመጣችሁበት ትመለሳላችሁ። ይሄ አንድ ዙር ነው። ማንትራው ይሄውላችሁ፦ ሀሬ ክሪሽና ሀሬ ክሪሽና፣ ክሪሽና ክሪሽና ሀሬ ሀሬ፣ ሀሬ ራማ ሀሬ ራማ፣ ራማ ራማ ሀሬ ሀሬ። በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም። 16 ቃል ነው ግን ሶስት ስም ነው የሚመላለሰው፣ ክሪሽናና ራማ የአምላክ ስሞች ናቸው፣ ሀሬ ደግሞ የቻይታንያ (የ16ኛው ክፍለ ዘመን የክሪሽና አምልኮ መምህር) ተከታዮች እንደሚያስረዱት የአምላክን የፍቅር ኃይል፣ ማለትም ራዳን መጥራት ነው። እኔን የገረመኝ ስጠኝ፣ ፈውሰኝ፣ ክፈትልኝ ምናምን የሚል ነገር አለመኖሩ ነው። ጓደኛዬን «ታዲያ ምንድነው የምትለምነው?» ብለው «እንዳገለግለው ፍቀድልኝ ማለት ነው፣ ሌላ የለም» አለኝ። ስሙና ባለስሙ አንድ ነው ብለው ያምናሉ፣ ስለዚህ ስሙን ጠርቶ በደንብ መስማት ራሱ እሱ ፊት መቆም ነው ለነሱ። ሌላ ነገር እያሰቡ አፍን ብቻ ማንቀሳቀስ እንደ ጥፋት ነው የሚቆጠረው።

ይሄን ካወቃችሁ ነው እቃውን መመዘን የምትችሉት፣ ምክንያቱም ጥሩ ማላ ማለት ቁጥሩን ረስታችሁ ድምጹን እንድትሰሙ የሚያደርግ ማለት ነው።

የኔው እንጨት እዚህ ላይ ወደቀ። ማላው የተሰራበት ቱልሲ የበሶብላ ዘመድ ነው፣ ቁጥቋጦው ከደረቀ በኋላ ግንዱን ነው እየቀረጹ ፍሬ የሚያደርጉት፣ በጣም ቀላልና ደስ የሚል እንጨት ነው ግን የኔዎቹ በደንብ አልተላጉም፣ ትንንሾቹ ላይ ስትደርስ ጣት ይቧጭራል። በፍሬዎቹ መሀል ያለው ቋጠሮ አንዳንዱ ጋ ላልቶ ሁለት ፍሬ ይጣበቅና አንዱን አለፍኩ አላለፍኩ እያላችሁ ማንትራው ይጠፋባችኋል። ከዛ የባሰው ደግሞ ዶርም ወስጄ ስቆጥረው 107 ነው! ሻጩ ፊቴ ላይ «ፑራ (ሙሉ) አንድ መቶ ስምንት» እያለ ነበር የጠቀለለልኝ። ለጓደኛዬ ሳሳየው ሳቀና ሱቅ ውስጥ ሳይቆጥር የሚከፍል የለም አለኝ፣ እንግዳ መሆኔን አይቶ ነው መሰለኝ ሰውየው። የሱቁን ስም ያልጠራሁት ሱቁ ሁሉ ተመሳሳይ ስለሆነ ብጠራውም ስለማታገኙት ነው። ሌላ እንጨት ቀለም ቀብተው ቱልሲ ነው የሚሉም አሉ፣ እርጥብ ጨርቅ አሻሹበትና ቀለም ከለቀቀ ተዉት።

ከረጢቱ ግን! ለሱ ብቻ ብዬ ተመልሼ ብሄድ አይቆጨኝም። ወፍራም ጥጥ ነው፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ማሰሪያ አለው፣ ቀኝ እጃችሁን ከላይ ትከቱና በጎን በኩል ባለችው ቀዳዳ አመልካች ጣታችሁን ብቻ ታወጣላችሁ። ያቺ ጣት ፍሬውን እንድትነካ አይፈልጉም፣ ሰው ላይ የምንጠቁምባት የኩራት ጣት ናት ይላሉ፣ ስለዚህ በአውራ ጣትና በመሀል ጣት ነው የሚቆጠረው። መጀመሪያ ሳየው ለጌጥ የተበሳ ነበር የመሰለኝ። እጃችሁ ከረጢቱ ውስጥ ስለሆነ ማንም ስንተኛው ላይ እንዳላችሁ አያይም፣ እናንተም አታዩትም፣ ማላው መሬት አይነካም፣ ሜትሮ ውስጥ ቆማችሁ እንኳን ይቻላል። ዴልሂ ሜትሮ ላይ ደረታቸው ላይ ይሄን ከረጢት ያደረጉ ሰዎች ካያችሁ እጃቸው ተሰብሮ አይደለም።

ከከረጢቱ ጋር ዙር የምትቆጥሩበት ትንሽ የፍሬ ክር አብሮ ይመጣል። የሚያስፈልገው በሀሬ ክሪሽና ማህበር (ኢስኮን የሚሉት፣ ስዋሚ ፕራቡፓዳ በፈረንጅ 1966 ኒውዮርክ ላይ የመሰረተው) መንፈሳዊ ስም የተቀበለ ሰው በቀን 16 ዙር ስለሚጠበቅበት ነው። 16 ዙር ማለት 1,728 ጊዜ ማንትራውን ማለት ነው፣ ለለመደ ሰው ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ብዙ መስሎኝ ነበር ግን የድሮዎቹ ይብሳሉ፣ ከሙስሊም ቤተሰብ የተወለደ ሀሪዳስ ታኩር የሚባል የቻይታንያ ዘመን ሰው በቀን 300 ሺህ ስም ይጠራ ነበር ይላሉ፣ 16 ዙር ደግሞ ስሙን ብትቆጥሩት 27,648 ነው፣ እናንተው አስሉት ሰውየው መቼ ይተኛል።

እዛው ሱቅ ጣት ላይ የሚጠለቅ ባለ ቁልፍ ዲጂታል ቆጣሪም ይሸጣሉ፣ ርካሽ ነው፣ አትግዙት። ሁለቱንም ሞክሬያለሁ፣ ቁልፉን አፍህ ሳይጨርስ ጣትህ ይጫነዋል፣ ቁጥሩም ፊትህ ላይ ስለሚበራ «ስንት ቀረኝ» ማለት ትጀምራለህ። እንጨቱ ላይ ግን ፍሬዋን ይዘህ ስለምትቆይ ቃሉ እስኪያልቅ ትጠብቃለህ፣ ሻካራው የኔው እንኳን ከሱ ይሻላል።

ዋጋው ሁሉም ተደምሮ ጥቂት መቶ ሩፒ ነው፣ መጀመሪያ የጠሩትን ግማሽ አድርጉና ጀምሩ፣ ዩፒአይ (የህንድ የሞባይል ክፍያ) ከሌላችሁ ዝርዝር ካሽ ያዙ። ለከረጢቱ 5 ከ5፣ ለማላው 2 ተኩል፣ ለሻጩ ዜሮ ልሰጠው ነበር ሻዩ ጥሩ ስለነበር 1። አሁን የጓደኛዬን ምክር ሰምቼ የሰናፍጭ ዘይት ቀብቼ አሳደርኩት፣ ፍሬዎቹ ጠቆር ብለው ለስልሰዋል፣ መቧጨሩም ቀርቷል፣ የጎደለችውን ፍሬ ደግሞ እሱ በእረፍት ሀገሩ ሲሄድ በመንገዱ ቭሪንዳቫን ወርዶ አስጨምሮልኝ ይመጣል።