ኤኤንፒ እና ቢኤንፒ፦ ልብን የሚያግዙ ሁለት ፔፕታይዶች

ልብ ደም ከመርጨት አልፎ ሆርሞንም ያመነጫል። ይህን እ.ኤ.አ. በ1981 ያሳዩት አዶልፎ ደ ቦልድና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ከአይጥ ልብ የላይኛው ክፍል ያወጡትን ፈሳሽ ለሌሎች አይጦች ሲወጉ፣ ሽንታቸውና በሽንት የሚወጣው ጨው ወዲያው ጨመረ። ኤኤንፒ (ANP) የተባለው ፔፕታይድ፣ ማለትም ከፕሮቲን ያነሰ ሰንሰለት የሆነ ሆርሞን፣ የታወቀው እንዲህ ነው።

ሁለተኛው ፔፕታይድ ቢኤንፒ (BNP) እ.ኤ.አ. በ1988 ከአሳማ አንጎል ተገኘ። ስሙ ዛሬም አንጎልን ይጠራል (‘ቢ’ የመጣው አንጎል ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ‘ብሬይን’ ነው)፤ ዋና ምንጩ ግን የልብ የታችኛው ክፍል ነው።

ሥራቸው ተመሳሳይ ነው። የልብ ግድግዳ ሲለጠጥ ይለቀቃሉ፣ ኩላሊት ጨውና ውሃ እንዲያስወጣ ያደርጋሉ፣ የደም ሥርን ያላላሉ። የልብ ሸክም ይቀልላል።

ልዩነቱ ፍጥነታቸው ላይ ነው። ኤኤንፒ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ ቶሎ ይለቀቃል፣ በደቂቃዎች ውስጥም ይጠፋል። ቢኤንፒ በአብዛኛው ግድግዳው ሲወጠር አዲስ ይመረታል፤ ደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ 20 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል።

ስለዚህ ለምርመራ ቢኤንፒ ይሻላል እላለሁ። ትንፋሽ አጥሮት ድንገተኛ ክፍል የገባ ሰው ውጤቱ በሚሊ ሊትር ከ100 ፒኮግራም በታች ከሆነ፣ ችግሩ የልብ ድካም የመሆን ዕድሉ ትንሽ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ከልክ ያለፈ ውፍረት ቁጥሩን ዝቅ ያደርገዋል።