ናምአስ፦ ስም አልባ አስከሬኖች የሚፈለጉበት መዝገብና የጾታ ማጣሪያው

ናምአስ በአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ያለው ብሔራዊ የፍትሕ ተቋም የሚያስተዳድረው፣ የጠፉ ሰዎችንና ማንነታቸው ያልታወቀ አስከሬኖችን መዝገብ በአንድ ላይ የያዘ ድረ ገጽ ነው። ማንም ሰው ያለ ክፍያ ገብቶ መፈለግ ይችላል። በዚያች አገር በየዓመቱ 4,400 ያህል ማንነታቸው ያልታወቀ አስከሬኖች እንደሚገኙ፣ 1,000 የሚሆኑትም ከዓመት በኋላ ስም አልባ ሆነው እንደሚቀሩ ስለሚገመት፣ ጥቅሙ አያጠያይቅም። እኔ ግን የመዘንኩት በአንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ የሞቱት ሰው ትራንስጀንደር (ሲወለዱ ከተመዘገበላቸው ጾታ በተለየ ጾታ የሚኖሩ) ቢሆኑ ፈላጊ ያገኛቸዋል ወይ?

ለዚህ «ጁሊ ዶ» የሚል መጠሪያ የተሰጣቸው ሴት ጉዳይ ጥሩ መፈተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ፍሎሪዳ ውስጥ፣ ክለርመንት አጠገብ አስከሬናቸው ሲገኝ የጂንስ ጉርድ ቀሚስ ለብሰው ነበር፤ ጡታቸው በቀዶ ሕክምና የተሠራ ነበር፤ በዳሌ አጥንታቸው ላይ የታዩት ትንንሽ ጉድጓዶች ደግሞ «ወልደዋል» አሰኙ። ያ ምልክት ወሊድን እንደማያረጋግጥ ዛሬ ይታወቃል። በ2015 የተደረገው የዲኤንኤ ምርመራ ብዙውን ጊዜ በወንዶች የሚገኘውን ኤክስ እና ዋይ ክሮሞዞም እስኪያሳይ ድረስ፣ ማለትም ለ27 ዓመታት፣ ዘመዶቻቸው ጠፋ ብለው ያስመዘገቡት ወንድ ልጅ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ፋይሎች ባልተገናኙም ነበር።

ሥጋው አልቆ አጥንት ብቻ ሲቀር ስሕተቱ ይገለበጣል። ከጉርምስና በኋላ የሚወሰድ ሆርሞን የዳሌን አጥንት ቅርጽ ስለማይለውጥ፣ የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ (ለምርመራ ሲባል አጥንትን የማጥናት ሙያ) ባለሙያው ትራንስጀንደር ሴትን «ወንድ» ብሎ ሊገምት ይችላል፤ የሟቿ ጓደኞች ግን የሚፈልጉት ሴት ነው። (በአማርኛ «እሳቸው» ብለን ጾታን ሳንወስን መጻፍ መቻላችን ምንኛ ይጠቅማል!) ለጠንቃቃ ዓይን ግን አጥንቱ ራሱ ይናገራል፤ ከቅንድብ በላይ የተሞረደ ግንባር፣ በመንጋጋ ላይ የቀሩ የብረት ማያያዣዎችና ብሎኖች የፊት ቀዶ ሕክምናን ይጠቁማሉ።

ናምአስን የማደንቀው ለእንዲህ ያለው ዝርዝር ቦታ ስላለው ነው፤ ልብስ፣ ጌጣጌጥ፣ ጠባሳ፣ ንቅሳትና በሰውነት ውስጥ የቀረ ሰው ሠራሽ አካል ሁሉ ይመዘገባል። የጠፉት ፋይል በ«ኤምፒ»፣ ያልታወቁት አስከሬኖች ፋይል በ«ዩፒ» ስለሚጀምር ጎን ለጎን ማስተያየትም አይከብድም። ደካማ ጎኑ የጾታ ማጣሪያው ነው፤ አንዱን ሲመርጡ ሌላው ከዓይን ይሰወራል፣ በፋይሉ ላይ ያለው ቃልም ብዙ ጊዜ የባለሙያ ግምት መሆኑን ፈላጊው ይዘነጋል።

ለጁሊ ዶ በ2025 ስማቸውን የመለሰላቸው መዝገብ ፍለጋ አልነበረም፤ ስም አልባ አስከሬኖችን በዲኤንኤ የሚለየው የዲኤንኤ ዶ ፕሮጀክት በጎ ፈቃደኞች ከሩቅ ዘመዶች ዲኤንኤ ተነሥተው የዘር ሐረግ በመቁጠር ነው የደረሱበት። ያም ሆኖ የጠፋ ትራንስጀንደር ወዳጅ ላለው ሰው ናምአስን እመክራለሁ፤ የጾታውን ሳጥን ባዶ ትቶ፣ በቦታ፣ በዓመተ ምሕረትና በቀዶ ሕክምና ምልክት ይፈልግ።